ጎርደን እንዳስተረጎመው

«የፊት ወንበሩን እንልቀቅላት ወይስ ይቅር? ፊልሙ እኮ ስለ እሷ ነው፤ ኋላ ጉድ እንዳይፈላ።»

ይህን ያለችው የባለሱቋ የራሂማ ልጅ ሁዳ ናት። የተባለላት ሲስተር ሽታዬ ደግሞ እዚያው ሱቅ ውስጥ፣ ከጆንያዎቹ ጀርባ ጎንበስ ብላ ሽንኩርት እየመረጠች ነበር። ሁዳ የፊልም ሳምንቱ ኮሚቴ አባል ነች፤ ቶሚ ከሚባለው ጓደኛዋ ጋር ለእንግዶች የሚሆን ውሃ በካርቶን እያወጣች በጠዋቱ ሱቅ ውስጥ ሰው ይኖራል ብላ አላሰበችም። ቶሚ «እንዴት አድርገን ነው ባለ ወንበር ሴትዮ ከኋላ የምናስቀምጠው? ሰው ይታዘበናል» አለ። ሁዳም «እሱስ ልክ ነህ» ብላ ካርቶኗን አቅፋ ወጣች። ሌላ ሴት ብትሆን «ጉድ እንዳይፈላ» የሚለው ነገር ሆዷ ውስጥ ገብቶ ቀኑን ሙሉ ሲያብሰለስላት ይውል ነበር። ሽታዬ ግን የሰማችው «ፊልሙ ስለ እሷ ነው» የሚለውን ብቻ ነው። ቀና ስትል ፊቷ በርቷል። ሌላ ጊዜ ራሂማን በቁሟ የምትሞግትበትን፣ ኪሎው መቶ ሃያ ብር የገባውን ሽንኩርት ትንፍሽ ሳትል ሁለት ኪሎ አስመዘነች።

«ራሂማ፣ ዛሬ አስር ሰዓት ላይ ሱቅሽን ዘግተሽ ነይ። የኛሊየፕ ፊልም ነው የሚታየው። የእኛ ቤቷ ፅጌ!»

ራሂማ ከሚዛኑ ላይ ዓይኗን ሳታነሳ «አውቃለሁ፣ ሁዳ ነግራኛለች» አለች። «መሄድሽ ነው?»

«ታዲያስ! ያሳደግኳት ልጅ ፊልም ሠርታ እኔ ልቀር ነው?»

ራሂማ አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተች። ከዚያ ሐሳቧን ለወጠችና ሦስት ቃሪያ በምርቃት ጨምራ ፌስታሉን አቀበለቻት።

የፊልም ሳምንት ሲባል ቀይ ምንጣፍና የካሜራ መብራት እንዳይመጣባችሁ። የጋምቤላው የፊልም ሳምንት የጥቂት ወጣቶች እልህ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ግድግዳ ላይ አንሶላ ወጥረው፣ ጄኔሬተር ተውሰው፣ ከተማውን በሞንታርቦ እየዞሩ «ወንበር ይዛችሁ ኑ» ብለው ጠሩ። ከተማው ሳቀባቸው። ወንበር ይዞ የሄደው ሰው ቢቆጠር አንድ ሚኒባስ አይሞላም ነበር፤ ሽታዬ ከእነዚያ አንዷ ነች። በኋላ አዳራሽም የፕላስቲክ ወንበርም ተገኘ፤ የእነዚያ ሰዎች ስም ግን «ባለ ወንበር» እንደሆነ ቀረ። የፊት ረድፍ የእነሱ ነው። ፊልም ባለቀ ቁጥር ማይክ መጀመሪያ የሚሰጠው ለእነሱ ነው፤ እነሱ ሳይናገሩ ሌላ ሰው እጁን አያወጣም። አበል የለው፣ ደብዳቤ የለው፣ ግን በዚያች ከተማ የሽታዬን ያህል ሹመቱን አክብሮ የያዘ ኃላፊ የለም። አንድም ዓመት ቀርታ አታውቅም። ወባ ይዟት እያንቀጠቀጣት ጋቢ ደርባ የገባችበት ዓመት አለ።

ደግሞም እውነቱ ይነገር ከተባለ ፊልሞቹን ትወዳቸዋለች፤ ለይምሰል አይደለም። ዓመቱን ሙሉ መርፌና ክኒን፣ ትኩሳትና ተቅማጥ ሲያንገላቷት ከርማ በመጋቢት በዚያች ሳምንት ብቻ ሰው የሆነች ይመስላታል። ልጆቹ በስልካቸው ቀርጸው የሚያመጡትን የታንኳ ታሪክ፣ የጠፋች ላም ታሪክ፣ የሙሽራ ጥሎሽ ጭቅጭቅ እያየች እንባዋ እስኪፈስ ትስቃለች፤ ስታለቅስም ከልቧ ነው። ግማሹ ፊልም የሚሠራው በኑዌርኛ ነው፤ ከጀዊና ከኩሌ የስደተኞች መጠለያ ልጆች የሚመጣው ሁሉ። ሽታዬ ከሃያ ዓመት በላይ በዚያ ከተማ ኖራ ከኑዌርኛ የምታውቀው ሰላምታና «የት ጋ ነው የሚያምሽ?» የሚለውን ብቻ ነው። እሱም ቢሆን አያሳስባትም፤ ከሸራው አጠገብ ጎርደን ማይክ ይዞ ይቆማልና። ተዋናዮቹ የሚሉትን ጎርደን ወዲያው ወደ አማርኛ ያዞረዋል፤ አማርኛ ሲሆን ደግሞ ወደ ኑዌርኛ። የጎርደን ድምፅ ለስላሳ ነው፣ እንደ ጥሩ ቄስ። ብዙ ሰው ከፊልሙ ይልቅ እሱን ለመስማት ይመጣል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ጎርደን ቀን ቀን የሚሠራው እዚያው ሽታዬ የምትሠራበት ጤና ጣቢያ ነው፤ ሥራውም ማስተርጎም ነው። ያን ዕለት ጠዋት እግራቸው ያበጠ አንዲት አሮጊት መጡ። ሽታዬ ቁስሉን ገለጥ አድርጋ ስታየው ንዴቷ መጣ። «እስኪሸት ድረስ ምን ስትጠብቅ ነበር? ጭንቅላት የላትም?» አለች። ጎርደን ወደ አሮጊቷ ጎንበስ ብሎ እንደ ልጅ ልጃቸው በቀስታ አንድ ነገር ነገራቸው። አሮጊቷም አልቀሩ፤ ጣታቸውን ሽታዬ አፍንጫ ስር ቀስረው ረጅም ነገር፣ እየከረረ የሚሄድ ነገር ተናገሩ። ጎርደን ሰምቶ ሲጨርስ «እግዚአብሔር ይስጥሽ ትላለች፣ ሲስተር» አለ።

«ይህን ሁሉ አውርታ?»

«ምስጋናው ብዙ ነው።»

ሽታዬ ሳቀች፤ እሱም ሳቀ። ሲደጋገም የኖረ የሁለቱ ቀልድ ነው። ጎርደን የነርሱን ስድብ ለታማሚ፣ የታማሚን እርግማን ለነርስ አድርሶ አያውቅም። በዚህም የተነሳ ጤና ጣቢያው ሰላም ነው፤ አሮጊቷም ቁስላቸው ታጥቦላቸው፣ ሽታዬም ተመርቃ ሁሉም ወደየቤቱ ይሄዳል። ሽታዬ ይህን አሳምራ ታውቃለች፤ ታውቃለች ግን ጎርደን እዚያ ሸራው አጠገብ ሲቆምም ያው ጎርደን እንደሆነ አንድ ቀን አስባ አታውቅም።

አሮጊቷ እንደወጡ «ዛሬ የኛሊየፕን የምታስተረጉመው አንተ ነህ አይደል?» አለችው።

ጎርደን ጓንቶቹን መሰብሰብ ጀመረ። «እኔ ነኝ። ትላንት አሳዩኝ፣ አይቼዋለሁ።»

«እና? እንዴት ነው?»

«ሲስተር፣ የነገው ፊልም ነው የሚሻል። የዓሣ አጥማጅ ነው። ሰው ይስቃል። ዛሬ ግን ሙቀት በጣም ነው፤ አዳራሽ ውስጥ ሰው ይታመማል።»

«አንተ ደግሞ! በገዛ ልጄ ፊልም ልትቀናብኝ ነው?» አለችና ትከሻውን መታ አድርጋ ከሰዓት ፈቃድ ልትጠይቅ ሄደች።

ኛሊየፕ ከጀዊ መጠለያ ወደ እነሽታዬ ቤት የመጣችው በዐሥራ አንድ ዓመቷ ነው። «ላስተምራት» ብላ ነው ሽታዬ ከእናቷ የተቀበለቻት። አስተምራታለች፤ ማታ ማታ። ቀን ቀን ልጅቷ ትጠርጋለች፣ ታጥባለች፣ ትከትፋለች። ኛሊየፕ የሚለው ስም ለምላስ አይመችም ተብሎ ፅጌ ተባለች። ቤት ውስጥ በኑዌርኛ እንዳያናግሯትም ተከለከለ፣ አማርኛ እንድትለምድ። የሽታዬ ባል ዘርአብሩክ ኢታንግና ኩሌ መጋዘን ሲሠራ ኑዌርኛን አቀላጥፎ ይናገር ነበር፤ ለልጅቷ ግን ከ«ፅጌ ውሃ አምጪ» በቀር ሌላ ነገር ብሏት አያውቅም። በመጀመሪያው የፊልም ሳምንት የሽታዬን ወንበር በራሷ ተሸክማ የሄደችው ፅጌ ናት። ሽታዬ ተቀምጣ፣ እሷ ከወንበሩ ጀርባ ቆማ እስከ መጨረሻው አዩ። ሽታዬ ይህን ታሪክ ለሰው ስትነግር «ፊልም ያሳየኋት እኔ ነኝ» ትላለች፤ ውሸትም አይደለም።

ከአራት ዓመት በፊት ልጅቷ አንድ ጠዋት ልብሷን በፌስታል ይዛ ሄደች። አልሰረቀችም፣ አልተጣላችም፣ ደህና ሁኑም አላለች። ያ ነገር ሽታዬን እንደ እሾህ ሲወጋት ኖሯል። ጎረቤት «ምን አርጋት ይሆን?» ሲል በጆሮዋ ሰምታለች። «ልጄ ናት፣ ትመለሳለች» ስትል ከረመች። ልጅቷ ግን በእርዳታ ድርጅት ሥልጠና ገብታ ካሜራ መያዝ ተማረች እንጂ ወደዚያ ቤት ዝር አላለችም። አሁን እንግዲህ ስለ ሽታዬ ፊልም ሠርታለች። ሽታዬ የምትፈልገው ብዙ አይደለም፤ በከተማው ሰው ፊት፣ በዚያ በሸራው ላይ፣ «አሳደገችኝ» የምትል አንዲት ቃል ናት። ይህች ቃል ከተገኘች የጎረቤት አፍ ይዘጋል፤ የእሷም ሌሊት ሌሊት የሚነቃ ሐሳብ ይተኛል።

ፀጉር ቤት ገብታ ካስክ ስር ስትጠበስ ቆይታ ቤቷ ስትደርስ መብራት ጠፍቷል። ዘርአብሩክ መዞሩን ባቆመው ማራገቢያ ስር በካናቴራ ተቀምጦ ከልጃቸው ከአቢጋኤል ጋር ማንጎ ይበላል። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ቃል የሚያወጣው እንደ ጨው እየቆነጠረ ነው። ሽታዬ ሀበሻ ቀሚሷን ከሳጥን አውጥታ አልጋ ላይ ዘረጋችና፣ ሱቅ ውስጥ የሰማችውን ነገረችው። ዘርአብሩክ ማንጎውን አስቀመጠ።

«ስለ አንቺ? ምን ስለ አንቺ?»

«ስለ አስተዳደጓ ነዋ። ሌላ ምን ይኖራል?»

ባሏ እጁን ሲታጠብ ቆየ፤ ማንጎ የበላ እጅ ያን ያህል አይታጠብም። «ብንቀርስ?» አለ። ሽታዬ እንደማትቀር ስታረጋግጥለት «እንግዲያው ልምጣ» ብሎ ሸሚዙን ፈለገ። የፊልም ሳምንቱ ከተጀመረ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ልምጣ ብሎ የማያውቅ ሰው ዛሬ በገዛ ፈቃዱ ልምጣ ማለቱን ሽታዬ እንደ አክብሮት ቆጠረችው።

የሰዓት እላፊ ስላለ ፊልሙ የሚታየው በጠራራ ፀሐይ ነው። ኮሚቴዎቹ ጄኔሬተር አስነስተው፣ የወጣት ማዕከሉን መስኮቶች በግራጫ የእርዳታ ብርድ ልብስ ጋርደዋቸው አዳራሹ ጨለማም ምድጃም ሆኗል። ሽታዬ ነጭ ቀሚሷ ጀርባዋ ላይ ተጣብቆ፣ ግራና ቀኝ ሰላምታ እየሰጠች ከፊት ረድፍ መሐል ተቀመጠች፤ ዘርአብሩክ አጠገቧ። ሁዳ ውሃ አመጣችላት፣ ቀና ብላ ግን አላየቻትም። ከወዲያ ጥግ ኛሊየፕ ቆማለች። ረዝማለች፣ ፀጉሯን ተቆርጣለች፣ ጂንስ ለብሳለች። ሽታዬ እጇን አውለበለበችላት። ልጅቷ ድሮ ስትጠራ እንደምታደርገው አንገቷን ሰበር አደረገች።

ጎርደን ማይኩን ሁለት ጊዜ ነፋ አደረገ። «የፊልሙ ርዕስ፣ እናት ይባላል» አለ። ሽታዬ የባሏን ክንድ ጨበጠች።

ሸራው ላይ የቆርቆሮ በር ታየ። አንዲት ረጅም ሴት ጓዟን በራሷ ተሸክማ፣ ሕፃን በጀርባዋ አዝላ በሩን ታንኳኳለች። ከውስጥ ዘፈንና ሳቅ ይሰማል፤ ድግስ አለ። በሩን ሀበሻ ቀሚስ የለበሰች ሴት ትከፍተዋለች፤ ስትከፍተውም ገርበብ አድርጋ፣ በአካሏ ዘግታ ነው። ቀጥሎ ጓዳ ውስጥ ሽንኩርት የምትከትፍ ልጅ ትታያለች፤ ድምፅ ሰምታ ቢላዋዋን እንደያዘች ደርቃ ቀርታለች። ሽታዬ «የአቢጋኤል ክርስትና ዕለት እኮ ነው!» አለች ለባሏ ጆሮ፣ ደስ ብሏት። ዘርአብሩክ ሸራውን ያያል።

ረጅሟ ሴት መናገር ጀመረች። ተናግራ ተናግራ ድምፅዋ ተሰበረ፤ መዳፏን ቆርቆሮው ላይ አኖረች፤ ከሴትየዋ ትከሻ በላይ ወደ ውስጥ ተንጠራርታ የልጇን ስም ጠራች። ጎርደን ጉሮሮውን አጸዳና «እናትየው፣ ልጄን በደንብ ስለያዛችሁልኝ አመሰግናለሁ ትላለች» አለ። ሽታዬ የትርጉሙ ማጠር አልገረማትም፤ ኑዌርኛ ነገር ያስረዝማል ብላ ነው ዕድሜዋን የኖረችው። ባለ ሀበሻ ቀሚሷ ለመለሰችው ማስተርጎምም አላስፈለገም፣ በአማርኛ ነውና፤ «የለችም፣ ትምህርት ቤት ናት። እሑድ ነይ።» ከዚያ ተመልሳ ገብታ በፌስታል ምግብ ይዛ መጣች። እናትየዋ ፌስታሉን ተቀብላ በሩ እስኪዘጋ ድረስ ቆመች፤ ከተዘጋም በኋላ ቆመች። ካሜራው ከዚያች ሴት ፊት ላይ አልነሳ አለ። ከኋላ ረድፍ አንዲት ሴት ከንፈሯን መጠጠች፤ ሌላዋ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ይዘው፣ ከፊት ረድፍ ያሉትን አንድ ጊዜ ገላምጠው፣ አዳራሹን ለቀው ወጡ። ሽታዬ ይህን ሁሉ አየች፤ ሰው ልቡ ተነክቶ ነው አለች። እሷም ልቧ ተነክቶ ነበር።

መጨረሻው ላይ ልጅቷ ሽንኩርት የሸተተ እጇን ልብሷ ላይ እየጠረገች ወደ አስፋልቱ ትሮጣለች። መንገዱ ባዶ ነው። ወደ ባሮ ድልድይ ድረስ ባዶ ነው። ሸራው ጠቁሮ የልጅቷ ድምፅ ብቻ፣ በኑዌርኛ፣ ጥቂት ነገር ተናገረ። ጎርደን ማይኩን ከአፉ አራቀው፣ መለሰው። «ልጅቷ እናቷን ልትሸኛት ወጣች። አመሰግናለሁ። ፊልሙ አልቋል» አለ።

መብራቱ ሲበራ ማንም አላጨበጨበም። ሁዳ ማይኩን ይዛ ፊት ለፊት ቆመች፤ ለማን እንደምትሰጥ ዓይኗ ዋለለ። ሽታዬ ግን ደንቡን ታውቃለች፤ ተነስታ ተቀበለቻት። ዘርአብሩክ ቀሚሷን ከኋላ ጎተት አደረገ። ቀሚሷን ሳብ አድርጋ አስለቀቀችው።

«ልጄ ኛሊየፕ፣ እኛ ቤት ፅጌ ነው የምንልሽ» ብላ ጀመረች። «ያን ቀን አስታውሰሽ ስላሳየሽን እግዚአብሔር ያክብርሽ። አዎ፣ የአቢጋኤል ክርስትና ነበር፤ ቤቱ በእንግዳ ተጨናንቆ የቢሮ ኃላፊዎች ሁሉ ነበሩ። በዚያ መሐል ነው እናትሽ የመጡት። ገብተው ቢቀመጡ በወደድኩ፤ ግን ቦታ አልነበረም። ቢሆንም ባዶ እጃቸውን አልሸኘኋቸውም፣ ዶሮውንም እንጀራውንም ቋጥሬ ሰጥቻቸዋለሁ፤ አንቺም እሱን አልረሳሽም። ሰው የተደረገለትን ሲያስታውስ ደስ ይላል።» እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «እናትሽ አሁን የት ናቸው? ደህና ናቸው? እባክሽ ሰላም በይልኝ። ሲስተር ሽታዬ ሰላም ብላለች በይልኝ።»

 ይህን ወደ ኑዌርኛ ማዞር የጎርደን ሥራ ነው። ጎርደን ማይኩን ከፍ አደረገ፤ ዝቅ አደረገው፤ ለኛሊየፕ ሰጣት። ኛሊየፕ ማይኩን በሁለት እጇ ያዘች። አማርኛዋ የተማረችበት ቤት አማርኛ ነው፣ አንዲት ቃል የምትጎረብጥ የለችውም።

«እሺ፣ እትዬ» አለች።

ማይኩን ለጎርደን መለሰችለት። ከሌሎቹ ባለ ወንበሮችም የሚናገር አልተገኘም። ሽታዬ ስትወጣ ልጅቷን አቅፋ ሳመቻት፤ ልጅቷም ተሳመች፣ እጆቿን ወደ ታች እንደለቀቀች። በሩ ላይ ራሂማ ቆማ ነበር፤ ሱቋን ዘግታ መጥታለች ለካ። ሽታዬ ስትጠጋት ራሂማ ጫማዋን የምታስተካክል መሰለችና ፊቷን አዞረች።

ወደ ቤት የሚወስደው መንገድ ገና ግለቱ አልወጣለትም። ሽታዬ በደስታ ትናገራለች፤ በመሐሉ ደግሞ አንድ ነገር ቅር ብሏታል። «ግን ሰው ምን ሆኖ ነው ያላጨበጨበው?» አለች። «የቅናት ነገር ይሆን? ራሂማ እንኳ፣ አየሃት?»

ዘርአብሩክ ከባጃጆቹ አቧራ ለመሸሽ ወደ ዳር ወጣና ቆመ። «ጎርደን ያለው አይደለም የተባለው» አለ።

«ምን ማለትህ ነው?»

«እናትየዋ ልታመሰግን አልመጣችም። መኪናው አሁን ሊነሳ ነው፣ ድንበር ተሻግሬ ወደ ናስር ልመለስ ነው፣ ከእንግዲህ እንገናኝ አንገናኝ አላውቅም፤ አትግቢ ካላችሁኝ አልገባም፣ በር ላይ ብቻ አውጡልኝና ዓይኗን ልየው። እሱን ነው ስትል የነበረው።»

ሽታዬ ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች፤ መልሳ አደረገችው። «መጨረሻው ላይስ? ልጅቷ የተናገረችው?»

«ከዚያ ቀን ወዲህ እናቴን አላየኋትም ነው ያለችው። ትኑር ትሙት አላውቅም። ርዕሱም እናት አይደለም።»

«ምንድን ነው?»

«የለችም ነው።»

አንድ ጭነት መኪና መለከቱን እያስጮኸ አለፈ። ሽታዬ «ሰላም በይልኝ ብያታለሁ እኮ» አለች። «ሰው ሁሉ እየሰማ።»

«ሰምቻለሁ።»

መጀመሪያ የተናደደችው በጎርደን ነው፤ ቀጥሎ በኛሊየፕ፣ በጉርሻዋ አሳድጋት በአደባባይ ባዋረደቻት። በልቧ ሁለቱን እያፈራረቀች ስትሰድብ ጥቂት ሄዱ። ከዚያ እንደ ቀዝቃዛ ውሃ አንድ ሐሳብ ወረደባት፤ ቆመችና ባሏን አየችው። ዘርአብሩክ በክርስትናው ዕለት በረንዳው ላይ፣ ከበሩ ጥቂት እርምጃ ርቆ ቢራ ሲቀዳ ነበር።

«ዘርአብሩክ፣ ያን ቀን ስትናገር ሰምተሃት ነበር?»

«ሰምቻታለሁ።»

«የምትለው ገብቶህ ነበር?»

«ገብቶኝ ነበር።»

«ታዲያ ምነው አልነገርከኝ! እኔ ቋንቋዋን አልሰማ! አንድ ቃል ብትለኝ ምን ነበረበት?»

ባሏ ሲመልስ በድምፁ ውስጥ ቁጣ እንኳ የለም፤ ያ ነው የባሰው። «አንቺም የገባሽ መስሎኝ ነበር። ጓዟን ተሸክማለች፣ ሕፃን አዝላለች፣ ታለቅሳለች፣ የልጇን ስም ትጠራለች። ልጅቷ ጓዳ እያለች የለችም ስትዪ፣ አውቃ ነው፣ የክርስትናው ሥራ እንዳይጓደልባት ነው አልኩ። በእንግዳ ፊት ምን ልበልሽ? በኋላም ማንሳቱ አሳፈረኝ።»

«ይህን ሁሉ ዓመት እንደዚያ አድርገህ ነው የምታስበኝ?»

ዘርአብሩክ መሄድ ጀመረ። ስምንት ዓመት ሙሉ ይህን ሆዱ ውስጥ ይዞ አብሯት በልቷል፣ አብሯት ተኝቷል፣ በበዓል አብሯት ቤተ ክርስቲያን ስሟል። «አላወቅሁም ነበር» ብላ ልትጮህበት ፈለገች። ያቺ ሴት ታዲያ በራሷ የተሸከመችው ጓዝ ዓይኗ ላይ ድቅን አለባትና ጩኸቱ እንደታፈነ ቀረ። ባሏን ጠላችው። ከሠራው ይልቅ ስለተናገረው ጠላችው።

ቤት ሲደርሱ መብራት መጥቷል፤ ማራገቢያው ይዞራል። አቢጋኤል ሮጣ መጥታ «እማዬ፣ ፊልሙ ጥሩ ነው? ስለ አንቺ ምን አሉ?» አለች። ሽታዬ «ጥሩ ነው፣ ስለ ብዙ ነገር ነው» አለችና ቀሚሷን ልታወልቅ ገባች። ጀርባዋ ላይ የደረቀው ላብ ነጭ ጨው ሆኖ ሠርቷል። ሽንኩርቱ እንደተገዛ ፌስታሉ ውስጥ ነበር፤ አውጥታ መላጥ ጀመረች። ዘርአብሩክ የጓዳው በር ላይ ቆሞ ጥቂት አያት። የሆነ ነገር ሊል፣ ምናልባትም ይቅር በይኝ ሊል የመጣ ይመስላል፤ አፉ ላይ የመጣለት ግን ሌላ ነው።

«ነገስ ትሄጃለሽ?»

ሽታዬ ቢላዋዋን አላቆመችም። የነገው የዓሣ አጥማጁ ነው፤ ሰው ይስቃል ብሏል። የፊት ወንበሯ አለ። በጆሮዋ ውስጥ ከባሏ ድምፅ ጋር የዚያ የሌላው ሰው ድምፅ፣ ለስላሳው፣ «አመሰግናለሁ ትላለች» የሚለው ድምፅ ይመላለስ ነበር። ከሁለቱ ከየትኛው ጋር መኖር እንደሚቻል ለመምረጥ ጊዜ አልወሰደባትም።

«የሚያስተረጉመው ጎርደን ከሆነ» አለች።